ሳልጠይቅ የጠጣሁት አጃ

ነገሩ የጀመረው በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ እትዬ ጫልቱ በመጋረጃው በኩል እጃቸውን አሳልፈው ሰማያዊ የብረት ኩባያ አቀበሉኝ። ትኩስ የአጃ አጥሚት ነበር። እስከዚያ ቀን ለጨጓራዬ የሚሠሩልኝ አጃ በውሃ የተፈላ፣ ቀጭንና ጠቆር ያለ ነበር። ይህኛው ግን ነጭ ነው፤ ወፈር ብሏል፤ ማርም ነክቶታል። ርቦኝ ስለነበር ቆሜ ጠጣሁት። ኩባያውን ላለቀልቅ ስል ነው ከሥር የቀረውን ነጭ አይቼ የደነገጥኩት። ረቡዕ ነው። ጾም ነው። ወተት ጠጥቻለሁ፤ ያውም ምንም ሳልጠይቅ።

እትዬ ጫልቱ ማረፋቸውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ቀብራቸው ላይም አልደረስኩም። የሚያውቋቸው ሰዎች ስማቸው ሲነሳ ደግነታቸውን ያወራሉ። እኔ ግን ደግነታቸውን ከማወቄ በፊት ያን ጾም ሙሉውን ማለት ይቻላል ስፈራቸው ነው የከረምኩት። አነጋገራቸውን፣ አቀማመጣቸውን፣ የእጃቸውን ሁኔታ እስከ ዛሬ የማስታውሰውም ከፍቅር አይመስለኝም። የጠረጠሩትን ሰው ያህል ልብ ብለው የሚያዩት ሰው የለም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የትርጉም ክፍል ተቀጥሬ ነበር። ቤት ማግኘት ከባድ ስለነበር ቀበና፣ ከወንዙ በላይ፣ እትዬ ጫልቱ ከቀበሌ በተከራዩት ቤት ውስጥ ደባል ሆኜ ገባሁ። አንዱን ክፍል በመጋረጃ ከፍለን ከወዲህ እኔ፣ ከወዲያ እሳቸው እንተኛለን። እሳቸው ትውልዳቸው ከእንጦጦ ጀርባ ነው። ወንድማቸው ጋሽ ቶሎሳ ከዚያ አጃ በአህያ እየጫነ ያመጣላቸዋል፤ እሳቸው ይፈትጉታል፣ ያምሱታል፣ አስፈጭተው ለአራስና ለጨጓራ በሽተኛ ይሸጡታል። ገዢዎቻቸው በሩ ላይ ቆመው ሕመማቸውን ይዘረዝራሉ። እትዬ ጫልቱ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ይሰማሉ።

«የዚህን ሰፈር ሆድ ሁሉ አውቀዋለሁ» ይሉ ነበር። «ቀበሌው የሚያውቀው ፊታችንን ብቻ ነው።»

ይህን ለቀልድ ይሉታል። እኔ ግን አልስቅም ነበር፤ ምክንያቱም እኔም በሆዴ የያዝኩት ነገር አለ።

ያደግሁት ጾም በሚጾም ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ግን አብራኝ የምታድር ሮማን የምትባል ልጅ የምትሄድበት ጸሎት ቤት መሄድ ጀመርኩ፤ እዚያው ቀረሁ። ጸሎት ቤቱ ከታሸገ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ ሲግናል አካባቢ በአንድ ምእመን ቤት ጓዳ ውስጥ እንሰበሰባለን። መዝሙር የምንዘምረው በሹክሹክታ ነው። በዚያን ጊዜ «ጴንጤ» መባል ስድብ ብቻ አልነበረም፤ ክስም ነበር። ከመካከላችን አንድ ወንድም ከሥራ ቦታው ተወስዶ ወራት ታስሯል። ሲፈታ ሥራው አልጠበቀውም። እኔ ብታወቅ እንጀራዬን ብቻ አይደለም የማጣው፤ እኔን የተከተለ ሰው በቀጥታ ሲግናል፣ እነ ሮማን ጋ ይደርሳል።

እንግዲህ ያን ነጭ አጃ በጠጣሁበት ቀን ሌሎቹን ነገሮች ሁሉ አንድ በአንድ አነሳሁ። እትዬ ጫልቱ ራሳቸው ጾመኛ ናቸው፤ እኔም እሳቸው ፊት ጾመኛ መስዬ ነው የምኖረው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው እንጦጦ ራጉኤል በእግራቸው ይወጣሉ። እንዲህ ያሉ ሴት በሁዳዴ ረቡዕ ወተት የሚያጠጡኝ ለምንድን ነው? ኩባያ ሲሰጡ ደግሞ አንድ ልማድ አላቸው፤ ቶሎ አይለቁም። ተቀባዩ ቀና ብሎ እስኪያያቸው ድረስ ኩባያውን ይዘው ይቆያሉ። በዚያ ቀን ከወትሮው ይበልጥ ቆይተዋል። ጠጥቼ እስክጨርስም መጋረጃውን በእጃቸው እንደያዙ ቆመው አይተውኛል። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ደግሞ ቀበሌ ተጠርተው ሄደዋል። ለምን እንደተጠሩ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ለሮማን ነገርኳት። ከቢሮዋ በር ላይ ጠብቄ፣ አብረን እየሄድን ነው የነገርኳት።

«ጠጣሽው?» አለችኝ።

«ጠጣሁት።»

«ዝም ብለሽ?»

«ዝም ብዬ።»

ትንሽ ተራመድን። «እናቴ ዳቦ ሲሰጧት እንኳ ቅቤ ነክቶታል ወይ ትላለች» አለች። «የሚጾም ሰው አፉ ከመከፈቱ በፊት ይጠይቃል እኮ፣ ጽጌ።»

«አውቃለሁ። ረስቼው ነው። ስንት ዓመቴ ነው ከተውኩት።»

«እትዬ ጫልቱ ግን አልረሱም። አይተውሻል።»

ከዚያ ወዲያ እንደማፈር ብላ፣ ነገሩ እስኪጠራ ሐሙስ ባልመጣ እንደሚሻል ነገረችኝ። ተከፍቼ ነበር፤ ግን ልክ ነበረች። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር።

አጃው አልቆመም። በየቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ያ ነጭ ነገር ይመጣል። አሁን «ወተት ነው እንዴ?» ብዬ መጠየቅ አልችልም፤ የመጀመሪያውን ቀን ምን ነክቶሽ ነበር ይሉኛል። «አልጠጣም» ካልኩ ደግሞ ጨጓራዬን ያውቁታል፤ ያለ አጃ እንደማልውል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከጠጣሁት በራሴ ላይ እየመሰከርኩ ነው። ስለዚህ ጓሮ ወዳለው ኮክ ዛፍ ስር እየወሰድኩ መድፋት ጀመርኩ። ሆዴ ይቃጠላል፤ ኮኩ ይጠጣል።

አንድ ቀን እትዬ ጫልቱ ልብስ ሊያሰጡ ወጥተው ዛፉ ስር ቆሙ። አፈሩ ላይ የደረቀ ነጭ ነገር አለ። በእግራቸው ጣት ነካ ነካ አድርገው ወደኔ ዞሩ።

«ጽጌ፣ ኮኩም ጨጓራ ያመዋል እንዴ?»

«ትንሽ... ፈሶብኝ ነው» አልኩ።

«በየቀኑ እዚህ ጋ?» አሉና አገጫቸውን በመዳፋቸው ደገፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ኩባያውን ሰጥተው አይሄዱም፤ በሩ ላይ ይቀመጣሉ። ጎረቤት ሲያልፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ደባሌን አጃ እያጠጣኋት ነው» ይላሉ። ምስክር እየሰበሰቡብኝ ነው አልኩ በልቤ።

ጋሽ ቶሎሳ በመጣ ጊዜ ደግሞ የባሰ ሆነ። ሁለቱ ሲገናኙ በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት። እኔ ከኦሮምኛ የማውቀው ጥቂት ቃል ነው፤ ግን «ኢንታላ» ልጅት ማለት እንደሆነ፣ «ኣናን» ደግሞ ወተት ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በመጋረጃው ማዶ ሆኜ ሁለቱንም ቃላት ደጋግሜ ሰማሁ። ልጅት፣ ወተት፤ ወተት፣ ልጅት። ጋሽ ቶሎሳ ሳቀ። ሲወጣ ጭንቅላቱን በመጋረጃው ብቅ አድርጎ «እህቴ፣ በርቺ እሺ» አለኝ። ምኑን ነው የምበረታው? ለምን ሳቀብኝ? ቤት መቀየር እንዳለብኝ ወሰንኩ። ግን ደባልነቴ የተመዘገበው እዚያ ቀበሌ ስለሆነ ለመልቀቅም ቀበሌ ሄዶ ምክንያት መናገር ያስፈልጋል። ሳምንታቱ በዚህ አለፉ።

ወደ ጾሙ መጨረሻ ገደማ፣ እንዲሁ በአንድ ረቡዕ፣ ከሥራ ገብቼ ጋደም እንዳልኩ በሩ ተንኳኳ። የመጣችው ጓድ አስካለ ነበረች፤ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሹም። ሁልጊዜ ካኪ የምትለብስ፣ ስትራመድ የምትቸኩል፣ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ ሴት ናት። እኔ መጋረጃው ጀርባ ትንፋሼን ያዝኩ።

«እትዬ ጫልቱ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ፣ ጓድ አስካለ።»

«ደባልዎ አለች?»

«ከሥራ ገብታ ተኝታለች። ጨጓራዋ ነው።»

«ሐሙስ ሐሙስ የምትሄድበት ቦታ አለ አሉ።»

«ከየት አምጥታ? ሐሙስም ረቡዕም እዚሁ ናት። ጎረቤት ጠይቂ።»

«አሁን ነው። በፊትስ?»

«በፊት እግሯን ተከትዬ አልሄድኩ።»

ወንበር ሲሳብ ተሰማኝ። ጓድ አስካለ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ ጫልቱ፣ ሰው አንዳንድ ነገር ይላል። አብራችሁ ስለምትኖሩ ነው የምጠይቅዎ። ልጅቷ ትጾማለች?»

«ቀበሌ ጾም መቆጣጠር ጀመረ እንዴ?»

«ቀልድ አይደለም። የማይጾም ወጣት ሁለት ዓይነት ነው። ወይ የኛ ነው፣ ወይ ጴንጤ ነው። እሷ ደግሞ የኛ አይደለችም፤ ስብሰባ ላይ ታንቀላፋለች።»

በእውነት ስብሰባ ላይ አንቀላፍቻለሁ። እትዬ ጫልቱ ምድጃው ጋ ሄደው ከድስቱ ሲቀዱ ሰማሁ።

«እሱን እንደርስበታለን። አንቺ ግን ፊትሽ ጠውልጓል፤ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ስትዞሪ ዋልሽ። እንቺ፣ ይቺን አጃ ጠጪ መጀመሪያ።»

በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። ኩባያውን ሁለቱም ይዘውታል፤ እትዬ ጫልቱ እንደ ልማዳቸው አልለቀቁም። ጓድ አስካለ ነጩን አጃ ቁልቁል ታያለች።

«ወተት ነው እንዴ?» አለች።

«ቢሆንስ?»

«አይ... አይሆንም። ቁርስ አርፍጄ ነው የበላሁት።»

«አሁን እኮ ማታ ሊሆን ነው።»

«ዛሬ ይለፈኝ፣ እትዬ ጫልቱ።»

«ዛሬ ምንድን ነው?»

ጓድ አስካለ በሩን ዞር ብላ አየች። «ረቡዕ ነው» አለች፤ ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ድምፅ ሆነ።

እትዬ ጫልቱ አልሳቁም። እኔ ብሆን ልስቅ ወይ ልፈራ እችል ነበር፤ እሳቸው ግን ሰው መንገድ ላይ የጣለውን ነጠላ አንስተው እንደሚመልሱለት ሁሉ በቀስታ ተናገሩ። «ሱፍ ነው፣ ልጄ። ሱፍ ተወቅጦ፣ ታጥቦ ነው። እኔ ቤት በሁዳዴ ወተት አይገባም። ጠጪ።»

ጠጣችው። እስከ መጨረሻው ነው የጠጣችው፤ ለካ እሷም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ኩባያውን ስትመልስ እትዬ ጫልቱ «ለልጅቷም በየቀኑ የምሰጣት ይህንኑ ነው» አሏት። «ሰፈሩ ሁሉ አይቷል፤ እየጮህኩ ነው የማጠጣት። ከኔ ቤት የጾም አጃ የምትጠጣ ልጅ ምን ብለሽ ትጽፊያታለሽ?»

«ምንም አልጽፍም» አለች ጓድ አስካለ። ተነስታ ቆመች፤ ግን አልወጣችም። «እትዬ ጫልቱ... እኔ እዚህ...»

«አንቺ እዚህ ምን? ስለ ደባሌ ጠይቀሽ ሄድሽ። ሌላ ያየሁት የለም።»

ወጥታ ከሄደች በኋላ መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ ጫልቱ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።» ከዚያ የመጣልኝ ይህ ብቻ ነበር፤ «ከመጀመሪያው ቀንም ሱፍ ነበር?»

«ከመጀመሪያውም።»

«ከጋሽ ቶሎሳ ጋር ‹ኣናን› ሲሉ ሰምቼ...»

«የሱፍም እኮ ለኛ ኣናን ነው። ኣናን ሱፊ። ልጅቷ በውሃ አጃ አልበረታችም፣ ሱፍ ጨምርና አምጣልኝ ነው ያልኩት። አንቺ ግማሹን ሰምተሽ ግማሹን ራስሽ ጨረስሽው።»

ሱፍን የማውቀው እኔ በፍትፍት ነው፤ ቀዝቅዞ፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት። ትኩስ ሆኖ፣ ማር ነክቶት ከአጃ ጋር ሲመጣ ምላሴ አላወቀውም። ይህን ልነግራቸው ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

«አየሻት አይደል ያቺን? እግዚአብሔር የለም እያለች ስታስተምር የምትውለዋ እንኳ ጠየቀች። የሚጾም ሰው ይጠይቃል። አንቺ አልጠየቅሽም። እኔ በዚያች ቀን ነው ያወቅሁት።»

አልጋው ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

«ልፈትንሽ ነበር፣ አልዋሽሽም» አሉ። «ግን ለዚህ አልነበረም። ቀበሌ የጠሩኝ ያለፈቃድ አጃ ትሸጫለሽ ብለው ነው። ማን ነገረብኝ ብዬ ሳስብ አንቺ መጣሽልኝ። የተማርሽ ነሽ፣ ዝምተኛ ነሽ፣ ሁሉን ትሰሚያለሽ። እናቴ የነገረ ሰው ከነገረበት ሰው እጅ ደፍሮ አይጠጣም ትል ነበር። ላይሽ ብዬ የማታውቂውን አጃ አመጣሁልሽ። አንቺ ቆመሽ፣ እንደ ጥጃ ጨለጥሽው። ከጥርጣሬዬ ነጻ ወጣሽ፤ በጾሙ ተያዝሽ።»

«ታዲያ ካወቁ በኋላ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ሃይማኖትሽን አልወደውም፤ እመቤታችንን ያቃልላሉ ሲሉ እሰማለሁ። እሱን ከኔ ጋር አታንሺው። የት እንደምትሄጂም አትንገሪኝ፤ ያልሰማሁትን ሲጠይቁኝ አልዋሽም። ግን አጃዬን የጠጣ ሰው አሳልፌ አልሰጥም። ኮኩን ሲያጠጡብኝ ግን አልወድም።»

ከዚያ አስነስተው ምድጃው ጋ ወሰዱኝ፤ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን እንደማላምን ገብቷቸዋል መሰለኝ። የተቀቀለውን ሱፍ ሙቀጫ ውስጥ ወቀጡ፤ በውሃ በጥብጠው በስስ ጨርቅ ጨመቁት። ነጩ ውሃ ጣሳው ውስጥ ሲወርድ ከወተት የሚለየው ነገር አልነበረም። አጃው በትንሽ ውሃ እስኪያብጥ ጠበቁና እሳቱን ቀንሰው ሱፉን ቀስ እያሉ ጨመሩበት።

«ውሃ ሎሌ ነው» አሉኝ፣ ማማሰያውን እያስያዙኝ። «ጥደሽው ጎረቤት ብትሄጂ ይፈላልሻል። ሱፍ ግን ዐይንሽን ካነሳሽባት ትቋጠራለች። እንደ አንቺ ጠርጣራ ናት፤ አትቸኩዪባት።»

አማሰልኩ። ሳቅ እንኳ ብዬ ነበር። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ ያን ምሽት ሙሉ በሙሉ አላመንኳቸውም። ስተኛ፣ ምናልባት ይህም ሌላ ፈተና ቢሆንስ፣ ስረጋጋ ጠብቀው የሲግናሉን ቤት ቢያስወጡኝስ፣ አትንገሪኝ ማለታቸው እንድነግራቸው ቢሆንስ እያልኩ ነበር። ሰው መጠርጠር ሲለምድ ከደግነትም ውስጥ ወጥመድ ፈልጎ ያገኛል።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ለሥራ ለባብሼ ስጨርስ እትዬ ጫልቱ ኩባያውን ይዘው መጡ። በሁዳዴ ጠዋት አምጥተውልኝ አያውቁም።

«ጠዋት እኮ ነው» አልኳቸው።

«ጨጓራሽ ሁዳዴን አያውቅም። ስንት ሳምንት ሙሉ ለኔ ብለሽ እስከ ማታ ተራብሽ።»

ኩባያውን ሰጡኝ፤ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ለቀቁት። እኛ ከመብላታችን በፊት ዐይናችንን ጨፍነን እናመሰግናለን። እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ይህን በሰው ፊት አድርጌው አላውቅም፤ ግድግዳ እያየሁ በልቤ ነበር የምጨርሰው። ዐይን መጨፈን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ስምን ጽፎ እንደመስጠት ነው። እሳቸው ከፊቴ እንደቆሙ፣ ኩባያውን በሁለት እጄ ይዤ ዐይኔን ጨፈንኩ።

እርምጃቸውን ሰማሁ። ከዚያ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ወጥተው ሰው ሊጠሩብኝ ነው ብዬ ዐይኔን ገለጥኩ፤ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። በበሩ ስንጥቅ ሳይ እትዬ ጫልቱ ደጃፉ ላይ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሰፌድ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሱፍ ያበጥራሉ። የምታልፍ ጎረቤት ደባላቸው ወጥታ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«አልወጣችም፤ ልብስ እየለበሰች ነው» አሏት። «አሁን አይገባም።»

ወደ ቦታዬ ተመልሼ ቆምኩ። ዐይኔን እንደገና ጨፈንኩና በዚህኛው ጊዜ በድምፅ ጸለይኩ። ከዚያ አጃዬን ጠጥቼ፣ ከሥራ ስወጣ ወደ ሲግናል እንደምሄድ ለራሴ ነግሬ በሩን ከፈትኩት።